መስተዋድድ ሲያዝዝ

(ደሴ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ)

 

የዛሬው ጉዳዬ የጀርመንኛ መስተዋድድ ነው። መስተዋድዱ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ስም እንዴት እንደሚያዝዘውና እንደሚለውጠው እናያለን። ርእሱ ጠባብ ይመስላል። ነገር ግን ጀርመንኛ የጀመረ ልጅ ያለው ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል። ልጁ ሰላምታውንና ቁጥሩን ቶሎ ይይዛል፣ አጫጭር ዐረፍተ ነገር መሥራትም ይለምዳል፤ ከዚያ እዚህ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ትናንት ዴር ብሎ ያጠናው ቃል ዛሬ ዴን ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ገጹን ሲገልጥ ደግሞ ዴም ይሆንበታል። ብዙዎች ደብተራቸውን የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል። የሚያቆማቸው ነገር ለወሎ ሰው ባዕድ እንዳልሆነ ማሳየት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ጉዳዩ ከዕለት ኑሮ ጋር የተያያዘ መሆኑንም ሳልናገር አላልፍም። ጀርመን የሚኖር የትዳር ጓደኛውን ለመከተል የሚያመለክት ሰው በአብዛኛው ኤ1 የተባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ማለፍ አለበት። እዚያ ሄዶ የሙያ ሥልጠና ለመግባት ብዙ ጊዜ ቢ1፣ በነርስነት ሙያ እውቅና ለማግኘት ደግሞ በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል። ለፈተናው አዲስ አበባ ወርዶ ጎተ ኢንስቲትዩት መቀመጥ አለ፤ የ400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ አለ። ቤተሰብ ይህን ሁሉ ከፍሎ ልጁ በመስተዋድድ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ከባድ ነው።

የምናገረውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በመጀመሪያ አንድ የአካባቢያችንን ታሪክ አነሣለሁ። ከዚያ ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስላለው ሙያ፣ ቀጥሎም ስለ ሁለቱ የመስተዋድድ ወገኖች እናገራለሁ። ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ግን አማርኛችን ዝም ብሎ የሚያልፈውን ጀርመንኛ ግን የሚናገረውን አንድ ልዩነት ለማሳየት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከቤተ አምሐራ፣ ማለትም ከዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ካህን ነበሩ። ከሀገራቸው ተሰድደው ሮም በነበረው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1649 ኂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ የሆነ ወጣት ጀርመናዊ ፈልጎ አገኛቸው። ሉዶልፍ የግእዝ ፍቅር የያዘው ሰው ነበር፤ መጽሐፍ አገላብጦ የማያገኘውን ከሰው አፍ ሊሰማ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ጋብዘዋቸው ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ፣ ስለ ቋንቋውም ስለ ሀገሩም ሠሩ። ከተለያዩ በኋላም በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብራ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለም። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። አማርኛ በኅትመት ሰዋስው ያገኘው በዚያ መጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉም ምንጭ የዚህ ምድር ልጅ ነበሩ።

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1907 አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ተቀምጠው ለጀርመኖች ግእዝና አማርኛ አስተምረዋል። በየዘመኑ የነበሩት የጀርመን ሊቃውንት ቋንቋችንን ሲማሩ ከሚያውቁት ተነሥተው ነው። ሉዶልፍ ላቲን ያውቅ ነበር፤ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለይቶ የሚያይ ዐይን ይዞ ነው አባ ጎርጎርዮስ ፊት የተቀመጠው። እኔ የምለው እኛም እንዲሁ እናድርግ ነው። ጀርመንኛን በባዶ እጅ አንጀምረው፤ እጃችን ባዶ አይደለምና።

አሁን ወደ ሰዋስዉ ልግባ። አራት አጫጭር አነጋገሮችን ስሙ። ሐኪሙ መጣ። ሐኪሙን አየሁት። ለሐኪሙ ነገርኩት። የሐኪሙ ቤት። ሰውየው አንድ ሐኪም ነው፤ ሙያው ግን በአራቱም ቦታ ይለያያል። በመጀመሪያው ባለቤት ነው፣ በሁለተኛው ተሳቢ ነው፣ በሦስተኛው ነገር የተሰጠው ወይም የደረሰው ነው፣ በአራተኛው ባለንብረት ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ከስሙ ኋላ በሚመጣው ን፣ ከስሙ ፊት በሚገቡት ለ እና የ ያሳያል። ጀርመንኛ ደግሞ በአብዛኛው የሚያሳየው ከስሙ ፊት ባለችው ትንሽ ቃል ነው፤ ዴር አርትስት፣ ዴን አርትስት፣ ዴም አርትስት፣ ዴስ አርትስቴስ። ጀርመኖች አራቱን ኖሚናቲፍ፣ አኩዛቲፍ፣ ዳቲፍ፣ ጌኒቲፍ ይሏቸዋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ያው ሐኪሙ፣ ሐኪሙን፣ ለሐኪሙ፣ የሐኪሙ ነው። ሁልጊዜ አንድ ለአንድ አይገጥምም። ለምሳሌ እኛ ሐኪሙን ረዳሁት እንላለን፣ ጀርመን ግን ለመርዳት ግስ ዳቲፍ ይሰጣል። መሠረቱ ግን ይህ ነው።

ጾታውንም እዚህ ላይ ልጨምር፤ የብዙ ሰው ድካም ከዚህ ነውና። ጀርመንኛ ሦስት ጾታ አለው። ወንዱ ዴር፣ ሴቷ ዲ፣ ሦስተኛው ዳስ ይባላሉ። አኩዛቲፍ ሲመጣ የሚለወጠው ወንዱ ብቻ ነው፤ ዴር ዴን ይሆናል፣ ዲ እና ዳስ እንዳሉ ይቀራሉ። ዳቲፍ ሲመጣ ሁሉም ይለወጣል፤ ዴርና ዳስ ሁለቱም ዴም ይሆናሉ፣ ዲ ደግሞ ዴር ትሆናለች። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ታሳስታለች። ዴር የሚለውን የሰማ ተማሪ የወንድ ስም ነው ብሎ ይቸኩላል፤ ከመስተዋድድ በኋላ የመጣች ዴር ግን ብዙ ጊዜ በዳቲፍ ላይ ያለች ሴት ናት።

ይህ ሁሉ ለወሎ ባዕድ አይደለም ያልኩት በምክንያት ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቤት የሚለው ቃል ተሳቢ ሲሆን ቤተ፣ ብእሲ የሚለው ብእሴ እንደሚሆን በልጅነቱ ያውቃል። ሳድሱ ወደ ግእዝ፣ ሣልሱ ወደ ኃምስ ይዞራል። ስሙ ሙያው ሲለወጥ መድረሻ ፊደሉን ይለውጣል ማለት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ የግእዝ ትምህርት በዚህ አካባቢ የቆየ ሥር አለው። በሌላ ወገን በጀማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በጌታ ነህው፣ ማለትም የዓረብኛ ሰዋስው፣ የቀራ ደረሳ ደግሞ ቤት የሚለው የዓረብኛ ቃል በሦስት መድረሻ እንደሚነበብ ጠንቅቆ ያውቃል። ባለቤት ሲሆን አልበይቱ፣ ተሳቢ ሲሆን አልበይተ፣ ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣ አልበይቲ ነው። ፊ፣ ሚን፣ ኢላ፣ ዓላ የሚሉት ቃላት ከኋላቸው ያለውን ስም ጀር ያደርጉታል፣ ማለትም በዚህ በሦስተኛው መድረሻ ያስነብቡታል፤ ደረሳው ለምን ብሎ አይከራከርም፤ ትእዛዙ ነውና እንደ ትእዛዙ ያነባል። መስተዋድድ ስምን ያዝዛል የሚለው የጀርመንኛ ሕግ ይኸው ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በዓረብኛ መስተዋድዶቹ ሁሉ የሚያዝዙት አንድ ዓይነት ነው፣ በጀርመንኛ ግን ገሚሱ አኩዛቲፍ፣ ገሚሱ ዳቲፍ፣ ጥቂቱ ጌኒቲፍ ያዝዛል።

ስለዚህ ወደ ሁለቱ ወገኖች እንለፍ። የመጀመሪያዎቹ ትእዛዛቸው የማይለወጥ ናቸው። ዱርሽ፣ ፍዩር፣ ጌገን፣ ኦነ፣ ኡም የሚሉት አምስቱ ምንጊዜም አኩዛቲፍ ያዝዛሉ። አውስ፣ ባይ፣ ሚት፣ ናኽ፣ ዛይት፣ ፎን፣ ትሱ የሚሉት ደግሞ ምንጊዜም ዳቲፍ ያዝዛሉ። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማስጠነቅቃቸው ነገር አለ፤ ከእነዚህ ትእዛዞች ጀርባ ትርጉም አትፈልጉ። አማርኛ ፈረደለት እና ፈረደበት ብሎ በአንዲት ፊደል ሰውን ነጻ ያወጣል ወይም ያስራል። ጀርመንኛ ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ለመስተዋድዱ ሰጥቶታል። ለሰውየው ሲሆን ፍዩር ዴን ማን፣ በሰውየው ላይ ሲሆን ጌገን ዴን ማን ይላል። ሐሳቡ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱም ግን ዴን ናቸው። እንግዲህ ዴን በሚለው ውስጥ ፍቅርም ጠላትነትም የለም፤ መስተዋድዱ አዝዟል፣ ስሙ ታዟል።

ይህን ያልተረዳ ተማሪ ምን ይሆናል? በአንዳንድ መጽሐፍ ጫፍ ላይ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ካለ አኩዛቲፍ ነው የሚል አጭር ሕግ ያነባል። ከዚያ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ ሊል ሲነሣ መሄድ አለ ብሎ ትሱ ዴን አርትስት ይላል። ስሕተት ነው። ትሱ ዳቲፍ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ትሱ ዴም አርትስት፣ ሲያጥር ትሱም አርትስት ነው የሚባለው። ልጁ ሕጉን አጥንቷል፤ ሕጉ የሚሠራው ለየትኞቹ መስተዋድዶች እንደሆነ ግን የነገረው የለም። ለእነዚህ ለቋሚዎቹ መድኃኒቱ በቃል መያዝ ነው። መስተዋድዱን ለብቻው አትያዙት፤ ሚት ብቻ ብላችሁ አታጥኑ፣ ሚት ዴም ቡስ ብላችሁ ስሙን ጨምራችሁ በአንድ ትንፋሽ ድገሙት። የቃል ትምህርት በዚህ ሀገር በቤተ ክህነቱም በዘውያውም የተከበረ ነው፤ አሮጌ ነው ተብሎ የሚናቅበት ምክንያት አይታየኝም። ጌኒቲፍ የሚያዝዙትን፣ ማለትም ቬገን፣ ቬረንት፣ ትሮትስ እና መሰሎቻቸውን፣ በዝርዝር አልሄድባቸውም። በጽሑፍ ያስፈልጋሉ፣ በንግግር ግን ብዙ ጀርመኖች ራሳቸው በቬገን ፈንታ ዳቲፍ ሲሰጡ ይሰማሉ፤ ጀማሪ በእነርሱ አይጨነቅ።

ሁለተኛው ወገን ግን ረጋ ብለን ልናየው የሚገባ ነው። አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ዩበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ትስቪሸን። ዘጠኝ ናቸው። እነዚህ እንደ ሁኔታው አኩዛቲፍም ዳቲፍም ያዝዛሉ፣ ትርጉም ያለውም እዚህ ነው። የጀርመን ልጆች የሚያጠኑት መለያ ሁለት ጥያቄ ነው። ቮ ማለትም የት ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ዳቲፍ ይሆናል፤ ቮሂን ማለትም ወዴት ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አኩዛቲፍ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ይህ መለያ እንቅስቃሴ ካለ አኩዛቲፍ፣ ከሌለ ዳቲፍ እየተባለ ይተረጎማል። እኔ በዚህ አልስማማም። አውቶቡሱ በመንገዱ ላይ ይሄዳል ለማለት ጀርመን ዴር ቡስ ፌርት አውፍ ዴር ሽትራሰ ይላል። መንገድ በጀርመንኛ ሴት ናት፤ ያቺ ዴር ዳቲፍ ናት። አውቶቡሱ እየበረረ ነው፣ ግን ዳቲፍ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ላይ ነበረ፣ አሁንም መንገዱ ላይ ነው። ነርሷ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ኢም ትሲመር (ኢን ዴም ሲያጥር) ነው፣ ዳቲፍ። ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ስትገባ ኢንስ ትሲመር (ኢን ዳስ ሲያጥር) ነው፣ አኩዛቲፍ። በሁለቱም እግሯ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱ ድንበር መሻገሯ ነው፤ በመጀመሪያ ያልነበረችበት ቦታ በመጨረሻ ተገኝታለች። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ነገሩ ይንቀሳቀሳል ወይ ብላችሁ አይሁን፤ ያልነበረበት ቦታ ደረሰ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁላችንም የምናውቀውን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ እንመልከት። ጠዋት ጉሙ ተራራው ላይ ሲተኛ ጀርመን ዴር ኔበል ሊግት ዩበር ዴም ቤርግ ይላል፣ ዴም፣ ዳቲፍ፤ ጉሙ የት ነው ለሚለው መልስ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ግን ተራራውን ከዚህ ወገን ይዞት ወደዚያ ወገን ያሻግረዋል፤ ዲ ሽትራሰ ፍዩርት ዩበር ዴን ቤርግ፣ ዴን፣ አኩዛቲፍ። መስተዋድዱ ያው ዩበር ነው። የጉሙንና የመንገዱን ጠባይ የለየችው ከም ወደ ን የዞረችው አንዲት ድምፅ ናት። ሰኞ ዕለት ወደ ገበያ የሚሄድ የደሴ ሰው ደግሞ ሁለቱን ሙያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ኢሽ ጌኤ አም ሞንታግ አውፍ ዴን ማርክት። አም (አን ዴም ሲያጥር) ሞንታግ የጊዜ ነው፤ አን፣ ኢን፣ ፎርና ትስቪሸን ጊዜን ሲናገሩ ዳቲፍ ያዝዛሉ። አውፍ ዴን ማርክት ደግሞ ወዴት ለሚለው መልስ ነው።

እንግዲህ ረጅም ጊዜ እሰጠዋለሁ ወዳልኩት ደረስኩ። አማርኛ ይህን ልዩነት አያውቅም አልልም፤ የሚያሳየው ግን በሌላ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ አለ እና ወደ ቤት ገባ ስንል ወደ የምትለው ትለይልናለች። ላይ እና ውስጥ በሚሉት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዝም እንላለን። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ቦታ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ጀርመኑ ግን በመጀመሪያው አውፍ ዴም ቲሽ፣ በሁለተኛው አውፍ ዴን ቲሽ ይላል። ቡና ስናፈላም እንዲሁ ነው። ቡናው ስኒው ውስጥ ነው፣ ቡናውን ስኒው ውስጥ ቀዳሁት እንላለን። ስኒ በጀርመንኛ ሴት ናት፤ ተቀድቶ ያለው ቡና ኢን ዴር ታሰ ነው፣ ገና ከጀበናው የሚቀዳው ኢን ዲ ታሰ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰንፎ አይደለም። የሚያስብበት ቋንቋ በዚህ ቦታ ልዩነቱን ከመስተዋድዱ ላይ ስላነሣው የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው።

ታዲያ አማርኛ ልዩነቱን የት አኖረው? ግሱ ላይ። ቆመ እና አቆመ፣ ተኛ እና አስተኛ፣ ተቀምጧል እና አስቀመጠ፣ ተሰቅሏል እና ሰቀለ የሚሉትን አስተያዩ። ጀርመንኛም ተመሳሳይ ጥንዶች አሉት። ለተኛው ሊገን፣ ለማስተኛቱ ሌገን፤ ለቆመው ሽቴሄን፣ ለማቆሙ ሽቴለን፤ ለተቀመጠው ዚትሰን፣ ለማስቀመጡ ዜትሰን። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መያዣ ይህ ነው። ለነዚህ ጥንዶች፣ የአማርኛ ግሳችሁ አቆመ፣ አስተኛ፣ አስቀመጠ፣ ሰቀለ ከሆነ ከዘጠኙ መስተዋድዶች በኋላ አኩዛቲፍ አድርጉ። ቆሟል፣ ተኝቷል፣ ተቀምጧል፣ ተሰቅሏል ከሆነ ዳቲፍ አድርጉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ በሚለው ግን ተጠንቀቁ። ቆሞ የነበረ ሰው አሁን ቁጭ አለ ማለት ከሆነ ያልነበረበት ቦታ ደርሷልና አውፍ ዴን ሽቱል ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል ካልን ግን አውፍ ዴም ሽቱል ነው። ተቀመጠ እና ተቀምጧል በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት እናት ያስተማረችን እኛ ነን፤ ጀርመን ያንኑ ልዩነት ዴን እና ዴም ብሎ ያወጣዋል።

ለነርሶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ኢን ዴን አርም ሲባል ወደ ክንድ የሚገባ መርፌ ነው፤ ኢም አርም ሲባል ክንድ ውስጥ ያለ ሕመም ነው። ትራሱን ኡንተር ዴን ኮፕፍ ካሏችሁ አሁን አንሥታችሁ ከበሽተኛው ራስ ሥር አድርጉት ማለታቸው ነው፤ ኡንተር ዴም ኮፕፍ ካሏችሁ ትራሱ ቀድሞውኑ እዚያ አለ። ፎር ዴም ኤሰን ከምግብ በፊት፣ ናኽ ዴም ኤሰን ከምግብ በኋላ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ዳቲፍ ስለሆኑ ልዩነቱን የሚሸከመው መስተዋድዱ ብቻ ነው፣ ጆሮ እርሱ ላይ መሆን አለበት።

ከአማርኛ የሚመጣ ሌላ ወጥመድም አለ። በ የምትለዋ ፊደላችን እጅግ ብዙ ሥራ ትሠራለች። በአውቶቡስ መጣሁ፣ በደሴ እኖራለሁ፣ በሰኞ ዕለት፣ በበሩ ወጣ፣ በሕመም ምክንያት ቀረ። ጀርመንኛ ለእነዚህ በየተራ ሚት፣ ኢን፣ አን፣ ዱርሽ፣ ቬገን ያስፈልገዋል፤ ሦስቱም የትእዛዝ ዓይነቶች ተገኝተውበታል። ከ የምትለውም እንዲሁ ናት። የደሴ ሰው ነኝ፣ ከደሴ ነኝ ሲል አውስ ነው፤ ከሐኪም እየመጣሁ ነው ሲል ፎም አርትስት ነው፤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ሲል ዛይት ነው፤ ከጓደኛዬ ጋር ሲል ሚት ነው። ስለዚህ በ በጀርመንኛ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ አያገኝም። በምን ሄድኩ፣ የት ነው የምኖረው፣ መቼ ነው፣ በየት በኩል ወጣሁ፣ ለምን ቀረሁ ብሎ ይጠይቅ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጀርመንኛ የራሱ መልስ አለው። አማርኛ ፊደል ግራ፣ ጀርመንኛ መስተዋድድ ቀኝ ተደርድሮ የሚባዛ ወረቀት ጉዳት አለው እላለሁ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሸጣል፣ ተማሪም ይሸመድደዋል፤ የሚያፈራው ግን በአማርኛ የሚያስብና በጀርመንኛ ቃል የሚናገር ሰው ነው።

አንዳንድ ግስ ደግሞ መስተዋድዱን ይዞ የተወለደ ነው። መናኸሪያ ላይ ሆነን አውቶቡሱን እጠብቃለሁ ስንል ን ብቻ ይበቃናል። ጀርመን ግን ኢሽ ቫርተ አውፍ ዴን ቡስ ይላል። መጠበቅ የሚለው ግሱ አውፍን ከአኩዛቲፍ ጋር አብሮ ይፈልጋል። አውፍ ዴም ቡስ ካልን ዕቃ ጫኙ የሚቆምበት ጣሪያ ላይ ወጥተን እየጠበቅን ነው ማለት ይሆናል። እነዚህን በሕግ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ግሱንና መስተዋድዱን እንደ አንድ ቃል አድርጋችሁ መዝግቡ።

ለመጨረስ ተቃርቤአለሁ። ለመምህራንና ለትምህርት ኃላፊዎች ጥያቄ አለኝ። በወሎ የግእዝ መምህር አለ፣ ነህው የሚያቀራ ሸህ አለ፣ ጀርመንኛ የሚያስተምር ሰውም አለ። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ተሳቢን ከግእዝ፣ የመስተዋድድን ትእዛዝ ከነህው፣ የግሱን ጥንዶች ከአማርኛ እያነሡ፣ ለዚህ አካባቢ ልጆች የሚሆን ቀጭን የጀርመንኛ ሰዋስው መጽሐፍ ቢያዘጋጁ በእውነት ብዙ ድካም ይቀራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ይህን ሥራ ቢያስተናግድ ያምርበታል። መጽሐፉ በአባ ጎርጎርዮስ ስም ቢጠራ ደግሞ የመካነ ሥላሴው ሰው ለጀርመን ያደረጉትን ልጆቻችን እያወቁ ያድጋሉ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተ ግን መጽሐፉን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አምስቱንና ሰባቱን ከነስሞቻቸው በቃል ያዙ፣ ዘጠኙን ደግሞ ቤታችሁ ባለው ዕቃ ላይ እየተናገራችሁ ሞክሩ። እኔ በበኩሌ በመጽሐፉ ሥራ ለመሳተፍ ዝግጁ ነኝ፤ ከእናንተ መካከልም የግእዝ ወይም የነህው እውቀት ያለውና ሊያግዝ የሚፈቅድ ካለ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ያነጋግረኝ።